ተኝቶ ያለ ሰው ምን ያያል?

በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ለአንድ ሆስፒታል አዲስ የተኝቶ ማከሚያ ክፍሎችን ለመሥራት በተጠራ የምክክር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከጥቂት የቃላት እርማት በቀር እንደተነገረው ነው።

እንደምን አረፈዳችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ሐኪሞች፣ ሲስተሮች፣ አዋላጆች፣ መሐንዲሶች፣ የጽዳትና የጥበቃ ባልደረቦች፣ ዓባይን ተሻግራችሁ ከአዲስ አበባ የመጣችሁ የአገሬ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የጽዳት ባልደረቦችን ስጠራ አንዳንዶቻችሁ ዞር ብላችሁ አያችሁኝ። ከልቤ ነው የጠራኋቸው። ዛሬ የማወራበትን ክፍል ጥግ ጥጉን በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸው። የትኛው ግድግዳ እንደሚላጥ፣ የትኛው መስኮት እንደማይከፈት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሥራዬ የሕንፃ የውስጥ ንድፍ ነው። ብዙ ሰው የውስጥ ንድፍ ሲባል መጋረጃ፣ ሶፋና ጂፕሰም ይመስለዋል። ለዚህም ይሆናል አዘጋጆቹ «ሆስፒታሉን እንዴት እናስውበው?» የሚል ርዕስ የሰጡኝ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ቀየርኩት። የኔ ጥያቄ ይኼ ነው፦ ተኝቶ ያለ ሰው ምን ያያል?

እስቲ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወንበራችሁ ላይ እንዳላችሁ ደገፍ በሉና ጣሪያውን እዩት። ሁላችሁም። አባቶችም፣ እባካችሁ። ትንሽ ቆዩበት።

ምን አያችሁ? ኮርኒስ። ውኃ ያስገባበት ቡናማ እድፍ። አንድ የተቃጠለ አምፖል። ቀና ብላችሁ ትንሽ ስትቆዩ አንገታችሁን አሸታችሁ። በሽተኛ ግን ይህንን ቀን ያየዋል፣ ሌሊት ያየዋል። ቆሞ የሚሄድ ሰው በር ያያል፣ ሰው ያያል፣ መንገድ ያያል። የተኛ ሰው ያለችው ጣሪያዋና ፊት ለፊቱ ያለችው ግድግዳ ናት። እኛ ሕንፃ የምንነድፈው ግን ቆመን ነው። ንድፉን የሚያጸድቀው ቆሞ ነው። ሪባን የሚቆርጠውም ቆሞ ነው። የተኛውን ሰው ማን ጠየቀው?

አራት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ተፈጥሮን ማየት በሽተኛን ይረዳል ስንል ማስረጃችን ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ መስኮት። ሦስተኛ፣ የክፍሉ ውስጥ። አራተኛ፣ ግቢው። መስኮቱ ላይ እንደምቆይ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

አንደኛው። አሜሪካ ውስጥ ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ አለ። ፔንሲልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1981 ድረስ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ አገላበጠ። ክፍሎቹ ተመሳሳይ ናቸው። ልዩነታቸው አንድ ነው፦ የገሚሶቹ መስኮት ዛፍ ያሳያል፣ የገሚሶቹ መስኮት የጡብ ግድግዳ ያሳያል። በዕድሜ፣ በፆታ፣ ሲጋራ በማጨስና በመሳሰለው እያመሳሰለ 23 ጥንድ አወጣ። 46 ሰው ማለት ነው።

ምን አገኘ? ዛፍ የሚያዩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአማካይ 7.96 ቀን ቆይተው ወጡ። ግድግዳ የሚያዩት 8.70 ቀን። «አንድ ቀን እንኳ አይሞላም» ትሉ ይሆናል። ሲስተሮች ግን አይሉም። አልጋ ሞልቶ በሽተኛ ኮሪደር ላይ ሲያድር የሚያዩት እነሱ ናቸውና የአንድ ቀንን ዋጋ ያውቃሉ። ደግሞ ዛፍ የሚያዩት የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያነሰ ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ነርሶች በመዝገቡ ላይ «ተከፍታለች፣ እያለቀሰች ነው»፣ «ብዙ ማበረታታት ያስፈልገዋል» ብለው የሚጽፉት ማስታወሻ አለ። ግድግዳ በሚያዩት ላይ እንዲህ ያለው ማስታወሻ በአማካይ ለአንድ ሰው 3.96 ጊዜ ተጽፏል። ዛፍ በሚያዩት ላይ 1.13። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ስለ ሆስፒታል መስኮት ሲወራ እስከ ዛሬ በብዛት ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ ነው።

46 ሰው ትንሽ ነው። እውነት ነው። በአንድ ጥናት ብቻ ቤት አይሠራም። ግን ሌሎችም አሉ። በካናዳ ኤድመንተን ከተማ በከባድ ድብርት ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ሲሆኑ በአማካይ 16.9 ቀን ቆይተው ይወጡ ነበር፤ ደብዛዛ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ 19.5 ቀን። ይህ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ነው። በፒትስበርግ ደግሞ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ብርሃን በሚበዛበት ወገን የተኙት የወሰዱት የሕመም ማስታገሻ በሰዓት 22 በመቶ ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የታተመው።

የእንግሊዟን ነርስ ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ሲስተሮች እዚህ ስላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኤሴክስ ውስጥ ሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ሲስተር ዋርድ የምትባል፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ክፍል የምትመራ ነርስ ነበረች። ቀኑ ሞቅ ሲል ሕፃናቱን ወደ ግቢው ፀሐይ ታወጣቸዋለች። ዓይንና ቆዳቸው ቢጫ የሆነ ሕፃናት ፀሐይ ያገኘው ገላቸው ቢጫነቱ እየለቀቀ መምጣቱን ልብ አለች። ለሐኪሞቹ አሳየች። ዛሬ ቢጫ የሆኑ ሕፃናትን በሰማያዊ መብራት ሥር የምናክመው ከዚያ ተነስቶ ነው። ሕፃኑን ቤት ውስጥ ፀሐይ አሙቁትና ይበቃል እያልኩ አይደለም፤ ቢጫ የሆነ ሕፃን ሆስፒታል መምጣት አለበት። ማለት የፈለግሁት፣ ብርሃን ቢጫ በሆነ ሕፃን ላይ ሥራ እንደሚሠራ ልብ ብላ ለሐኪሞቹ ያሳየችው ነርስ ናት። ዋርዱን፣ የተኝቶ ማከሚያ ክፍሉን ማለቴ ነው፣ ወደ ግቢው ማውጣት የምትችል ነርስ።

እዚህ ላይ አንድ አዛውንት የተናገሩኝን ላንሳ። በሌላ ከተማ እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ተናግሬ ስጨርስ ተነሡና፣ «ልጄ፣ እኛ ከዛፍ ሥር ለመውጣት ነው ሆስፒታል የለመነው። አንቺ መልሰሽ ዛፍ ሥር ልታስገቢን ነው? እንዴት ተኩኖ!» አሉኝ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ፤ ጥያቄያቸው የሚገባ ነበርና። ስንት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል ወርዶ ገደል ወጥቶ ያየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

ስለዚህ ግልጽ ላድርገው። ዛፍ አንቲባዮቲክ አይደለም። አበባ ደም አይሆንም። ኦክስጅን፣ ላብራቶሪ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ንጹሕ ውኃ፤ እነዚህ ይቅደሙ። ግን አስቡት፤ ግድግዳ መሥራታችን አይቀርም። መስኮትም ማስገባታችን አይቀርም። አልጋም መደርደራችን አይቀርም። መስኮቱ የት ይሁን? አልጋው ወዴት ይዙር? ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ሐሳብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሲሚንቶ ከደረቀ በኋላ ግን ገንዘብ ይጠይቃል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። መስኮት።

እናቴ ታማ የተኛችበትን ሆስፒታል ስሙን አልጠራም፤ ስንቱ እንዲሁ ነው። አልጋዋ ከመስኮቱ አጠገብ ነበር። መልካም ዕድል ነው አይደል? መስኮቱ ግን መስታወቱ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ከታች እስከ ላይ። ለምን ብትሉ፣ ክፍሉ የሴቶች ነው፣ ከውጭ መተላለፊያ አለ፣ ሰው እንዳያይ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ግን እናቴ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ «ልጄ፣ ነግቷል?» ትለኝ ነበር። ቀኑ ጠፍቶባታል። የምትበላው ጠፍቶባታል። ጠያቂ መጥቶ «እግዚአብሔር ይማርዎት» ሲላት ዓይኗን ገልጣ አሜን ብላ መልሳ ትጨፍናለች።

ከጎኗ እህቷን የምታስታምም የሰከላ ሴት ነበረች። ብልህ ሴት ናት። አንድ ቀን ምላጭ ይዛ መስታወቱን መፋቅ ጀመረች። «ኧረ ተይ እትዬ፣ ይቆጡናል» አልኳት። «ይቆጡ» አለችና ቀጠለች። በተኛ ሰው ዓይን ልክ፣ የመዳፍ ያህል ፋቀች። ከዚያ እናቴን ትራሷን ከፍ አደረገችላት። ውጭ አንድ ዋንዛ ነበር። አብቧል። እናቴ አይታ አይታ ምን አለች መሰላችሁ? «ዋንዛው አብቦ የለም እንዴ! ቀፎውን ማን እያየው ነው?»

ታማ ከተኛች ጀምሮ ስለ ቤቷ ስትጠይቅ ያን ጊዜ ገና መጀመሪያዋ ነው። ዋንዛ ካበበ ንብ አለ፤ ንብ ካለ የሷ ቀፎ አለ፤ ቀፎው ካለ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል። እናቴ ባለ ቀፎ ሴት መሆኗን አስታወሰች። ያዳኗት ሐኪሞቹና መድኃኒቱ ናቸው፤ ይህን አልሰርቅባቸውም። ግን እህል የቀመሰችው፣ ተነስታ ልቀመጥ ያለችው ከዚያ ወዲህ ነው። በማግስቱ በዚያ ወገን የተኙት ሁሉ የሰከላዋን ሴት ምላጭ መለመን ጀመሩ። ጥበቃው መጥቶ ተቆጣ። ተቆጥቶም ዝቅ ብሎ በተፋቀው በኩል አየ።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የበሽተኛን ገመና መጠበቅ ግዴታ ነው። ግን መስታወት መቀባት የችግሩ መፍትሔ አይደለም። መተላለፊያውን ከግድግዳው ራቅ እናድርገው። በመካከል ሦስት አራት ሜትር አትክልት እንትከል። ሰው በመስኮት ሥር ካላለፈ ማን ያያል?

ቁመቱንም ልብ በሉ። በአገራችን የመስኮት የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ለቢሮ ጥሩ ነው። የሆስፒታል አልጋ ግን ከወለል 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ትራስ ላይ የተጋደመ ሰው ዓይኑ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። ታዲያ ምን ያያል? ከመስኮቱ በታች ያለውን ግድግዳ፣ ካለፈም ቁራጭ ሰማይ። ዛፉ ከውጭ ቆሟል፤ ሰውየው ከውስጥ ተኝቷል፤ በመካከላቸው አንድ ብሎኬት አለ። አንድ ረድፍ ብሎኬት ወይም ሁለት! መሐንዲሶች፣ እለምናችኋለሁ፣ ያንን ረድፍ ቀንሱልን። ጠርዙን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር አውርዱት። ፎቅ ላይና የሕፃናት ክፍል ከሆነ መከላከያ ብረት ይደረግበታል።

አልጋውስ ወዴት ይዞር? የለመድነው ራስጌውን ከመስኮቱ ሥር አድርጎ መደርደር ነው። መስኮቱ ከጀርባ ይሆናል፤ የሚታየው ፊት ለፊት የተኛው ሌላ በሽተኛ ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ቡታሮ የሚባል ሆስፒታል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው የተከፈተው። አገሩ ደጋ ነው፣ ተራራና እርሻ፣ ከኛ ጋር ይመሳሰላል። እዚያ ምን አደረጉ? በዋርዱ መካከል አጠር ያለ ግድግዳ አቁመው ራስጌውን ወደዚያ አዞሩት። በሽተኛው ሁሉ ፊቱ ወደ መስኮቱ ነው፤ ማዶ ኮረብታው ይታየዋል። ኮሪደሩን ከሕንፃው ውስጥ አውጥተው በረንዳ አደረጉት። ይህን ያደረጉት ለውበት ብቻ አይደለም። ጠባብ፣ የታፈነ ኮሪደር ውስጥ ተጨናንቆ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ይጋባል። ግድግዳውን ደግሞ እዚያው ከሚገኘው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የአካባቢው ግንበኞች ገነቡት። ጥቁር ድንጋይ የሌለበት ጎጃም የት አለ? ጥሩ ድንጋይ ጠራቢስ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

አሁን በልባችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። «መስኮት ተከፍቶ በሽተኛ? ብርድ ይመታዋል!»

ይህ በየዋርዱ በየሌሊቱ የሚካሄድ ክርክር ነው። ሲስተሯ ትከፍታለች፣ አስታማሚው ይዘጋል። ሲስተሯ ዞር ስትል ተዘግቷል። ተሳሳትሁ? ሲስተሮች እየሳቃችሁ ነው። በአስታማሚው ግን አልፈርድበትም። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ አይደለም። ብርድ የሚፈራ ሰው ሞኝ አይደለም። ጥፋቱ የመስኮቱ ነው። አንዱን መስኮት ለማየትም ለመተንፈስም ስላደረግነው ነው።

ለሁለት እንክፈለው። የታችኛው የማያ ይሁን፤ ሲበርድ ይዘጋ። የላይኛው፣ ከጣሪያው ሥር ያለው፣ የመተንፈሻ ይሁን። የሞቀና የታመቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በላይኛው መስኮት ይሄዳል። ፊት ለፊት ባለው ግድግዳም እንዲሁ ከላይ መስኮት ካለ አየሩ ይተላለፋል፤ ነፋሱ ግን በተኛው ሰው ላይ አያልፍም። እሱን መክፈትና መዝጋት የሲስተሯ ሥራ ይሁን፤ በረጅም ዘንግ ወይም በገመድ።

ይህ የኔ ምኞት ብቻ አይደለም። በፔሩ ሊማ ከተማ በስምንት ሆስፒታሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፋፊ የሆኑት ክፍሎች፣ መስኮታቸው ሲከፈት አየራቸው በሰዓት 40 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር። አዲሶቹ 17 ጊዜ። በማሽን አየር የሚሰጣቸው 12 ጊዜ። አሮጌው አዲሱን በለጠው፤ በጣሪያ ከፍታና በመስኮት ስፋት። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅትም በተፈጥሮ አየር ለሚሠሩ መደበኛ ዋርዶች ለአንድ በሽተኛ በሰከንድ 60 ሊትር አየር ይመክራል። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲያጣ የሚቆም ማሽን ይሻለናል ወይስ መብራት ቢጠፋም የማይቋረጥ የጮቄ ነፋስ?

የፀሐዩ አቅጣጫ ደግሞ አለ። እኛ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ነን። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ሕንፃው ረጅም ጎኑን ለሰሜንና ለደቡብ ከሰጠ፣ በብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ መስኮት ትገባለታለች። ረጅም ጎኑን ለምዕራብ የሰጠ ሕንፃ ግን ከሰዓት በኋላ በሽተኛውን ያቃጥለዋል። እናንተ ቤታችሁን ስትሠሩ ይህን ታውቁታላችሁ። በራችሁን ወዴት እንደምታዞሩ ማንም አያስተምራችሁም። ሆስፒታል ላይ ስንደርስ ነው የምንረሳው።

ሰማያዊውን የሚያንጸባርቅ መስታወት ሳላነሳ ከመስኮት አልወጣም። ከተሞቻችን በሱና በአሉሚኒየም ክላዲንግ ተሸፍነዋል። «ዘመናዊ» ይባላል። እባካችሁ ሆስፒታል ላይ አታድርጉት። አንደኛ፣ አብዛኛው አይከፈትም። ሁለተኛ፣ ሐኪም ዓይን ገልጦ ቢጫነት ይፈልጋል፣ ከንፈር አይቶ መጥቆሩን ይፈልጋል። በሰማያዊ መስታወት ያለፈ ብርሃን ይህን ይሸፍንበታል። ሐኪሞች፣ ልክ ነኝ? ነጭ፣ ንጹሕ የቀን ብርሃን ለምርመራም መሣሪያ ነው።

ሦስተኛው፣ የክፍሉ ውስጥ። እዚህ ላይ አልቆይም።

ቀለም። ስለ መስታወቱ ያልኩት ለግድግዳም ይሠራል። ደማቅ ሰማያዊና ደማቅ አረንጓዴ በበሽተኛው ፊት ላይ ያርፋል። ከራስጌው ያለው ግድግዳ ፈዘዝ ያለ ይሁን፤ የገለባ፣ የአፈር ቀለም። ከቻላችሁ ጣሪያውን አስቡበት። ፊንላንድ ውስጥ ፓይሚዮ የሚባል፣ የሳንባ ነቀርሳ ማከሚያ የነበረ ሕንፃ አለ፤ አልቫር አልቶ የሚባል አርክቴክት የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1933 የተጠናቀቀ። አልቶ ጣሪያውን ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቀባው፤ የተኛ ሰው የሚያየው እሱን ነዋ! መብራቱንም በተኛው ሰው ዓይን ላይ እንዳያበራ አደረገው። የእጅ መታጠቢያውን ሳይቀር ውኃው ድምፅ ሳያሰማ እንዲወርድ አድርጎ ቀረጸው፤ አንዱ ሲታጠብ ጎረቤቱ እንዳይነቃ። እንዲህ ያለ አሳቢነት ነው የምለምናችሁ።

ድምፅ ካነሳን፣ በሐምሌ ቆርቆሮ ሥር የተኛችሁ ታውቁታላችሁ። በረዶ ሲጨመርበት ሐኪሙ የበሽተኛውን ልብ ማዳመጥ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በሌሊት በዋርድ ውስጥ የሚመክረው 30 ዴሲቤል ነው፤ ሹክሹክታ ማለት ነው። ከቆርቆሮው ሥር ድምፅና ሙቀት የሚይዝ ነገር ሳይገባ ኮርኒስ እንዳይዘጋ። ይህ ወጪ አለው። ግን ከግራናይቱ ወለል ይቅደም እላለሁ።

ቀርከሃ እንጠቀም ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አዎ! እንጅባራ ቅርብ ነው፣ ባለሙያው አለ። ግን ቦታ አለው። ዋርድ በየቀኑ በበረኪና ይታጠባል፤ ቀርከሃ ስንጥቁ ቆሻሻ ይይዛል፣ በረኪናም ያበላሸዋል። ስለዚህ ለመጠበቂያ አዳራሽ ጣሪያ፣ ለበረንዳ ጥላ ይሁን። ነቀዝ እንዳይበላው በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ ይዘፈዘፍ። የድስት አፈር ያለበት አበባም ዋርድ ውስጥ አይግባ፤ በተለይ የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎችና የተቃጠሉ ሰዎች ካሉበት። አፈር ውስጥ ሻጋታ አለ። የፕላስቲክ አበባ ደግሞ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ምን ይሠራል?

መስኮት በማይቻልበት ክፍል ሥዕል ይረዳል። በስዊድን ኡፕሳላ የልብ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ ዛፍና ውኃ ያለበት ሥዕል ጭንቀታቸውን ቀነሰ። ትርጉሙ የማይጨበጥ ረቂቅ ሥዕል ግን አልበጃቸውም። ስለዚህ ከመርካቶ የተገዛ የበረዶ ተራራ ፖስተር ለምን እንሰቅላለን? ጣና አለ፣ ዘንገና አለ፣ ጢስ ዓባይ አለ፣ በመስከረም አደይ የለበሰ መስክ አለ። የአካባቢያችን ፎቶ አንሺዎች እዚህ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። አየኋችሁ። ከስብሰባው በኋላ እፈልጋችኋለሁ።

አራተኛው፣ ግቢው።

ማንኛውም ሆስፒታል ግቢ ግቡ። አስታማሚው የት ነው ያለው? ዛፍ ሥር። ምሳ ዕቃው፣ ፌስታሉ፣ የታጠበው ጋቢ ሁሉ ዛፍ ሥር ነው። ሐኪሙ «ቤተሰብ ይጠራ» ሲል ጥበቃው የሚሄደው ወደ ዛፉ ነው። ሰው ምክክሩን የሚመካከረው፣ ገንዘብ የሚያዋጣው፣ ክፉውን ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። በንድፋችን ላይ ግን ያ ቦታ የለም። «ፓርኪንግ» ተብሎ ተጽፏል። እንዴት ተኩኖ!

ጸበል የሚሄደውን ሰው አስቡት። ግሽ ዓባይ የሄደ፣ ዘጌ የተሻገረ፣ በየደብሩ ደጅ የሰነበተ። እምነቱን ትቼ ቦታውን ብቻ ላንሳ። የሚያርፈው ወይራና ጽድ ሥር ነው፤ ዝግባ ሥር ነው። ውኃ ይሰማል፣ ወፍ ይሰማል፣ አጠገቡ ሰው አለ። አባቶቻችን ደኑን ጠብቀው ያቆዩት ለጌጥ ነው? የታመመ ሰው የት መቀመጥ እንዳለበት ያውቁ ነበር። ከነሱ ወርሰን ሆስፒታላችን ውስጥ ያላስገባነው ይህንን ነው።

ደግሞ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ «ተንቀሳቀስ፣ ተራመድ» ትላላችሁ። የት ይራመድ? ኮሪደሩ ውስጥ በቃሬዛ መካከል? ደረጃ የሌለበት፣ ዊልቸር የሚያሳልፍ የእግር መንገድ ግቢውን ይዙር። በየጥቂት ሜትሩ አግዳሚ ወንበር ይኑር፤ መደገፊያና የእጅ መያዣ ያለው፣ ደካማ ሰው ተደግፎ እንዲነሳ።

ጥንቃቄ የሚሹትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ኩሬና ፏፏቴ አታስቡ፤ በተለይ ቆላውና ባሕር ዳር አካባቢ ላላችሁ፣ የተኛ ውኃ የወባ ትንኝ ያራባል። ባሕር ዛፍ ከሕንፃው አጠገብ አይተከል፤ ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አይበቅልም። ዋንዛ አለን፣ ወይራ አለን፣ ጽድ አለን፣ ደጋው ላይ ኮሶ አለን።

ከሁሉ በፊት ግን ያለው ይጠበቅ። በአገራችን ግንባታ ሲጀመር መጀመሪያ የሚገባው ግሬደር ነው። «ግቢው ይጽዳ» ይባላል። ስንት ዓመት ያስቆጠረ ዛፍ በአንድ ጠዋት ይወድቃል። ከዚያ በምርቃቱ ቀን ችግኝ እንተክላለን! ለምን? የአዲሱ ዋርድ ቦታ ላይ ትናንት ዞሬ አይቻለሁ። በምሥራቅ በኩል ያሉት ትልልቅ ወይራዎች አሁን በተሠራው ንድፍ መሠረት ይቆረጣሉ። ሕንፃው ስድስት ሜትር ወደ ምዕራብ ቢሸሽ ሁሉም ይተርፋሉ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ በዚያ ወገን ካሉት አልጋዎች ላይ በቅጠላቸው መካከል ትታያለች። መሐንዲሶቹን አነጋግሬያቸዋለሁ፤ መሠረቱ ገና ስላልተቆፈረ ይቻላል ብለውኛል።

ስለዚህ ዛሬ የምጠይቃችሁ ገንዘብ አይደለም። የሚዋጣውን እናንተ ታውቃላችሁ። የምጠይቀው ይህን ነው። ንድፉን በዚያኛው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼዋለሁ። እርሳስ አለ፣ ላጲስ አለ። ከሻይ በኋላ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ከመሰብሰባችሁ በፊት ሲስተሮችና የጽዳት ባልደረቦች ቅደሙ። የትኛው መስኮት ወዴት ይዙር፣ የላይኛው መስኮት በምን ይከፈት፣ አስታማሚ የት ይረፍ፣ ምልክት አድርጉበት። ከናንተ መካከል ተኝቶ የታከመ ካለ እሱም ይምጣ፤ ከአልጋው ምን ይታየው እንደነበር ይንገረን። የወይራዎቹን ጉዳይ ግን ዛሬ ሳንወስን አንለያይ። ቁፋሮው የሚጀመረው በሚመጣው ሳምንት ነው።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። አዎ፣ ከኋላ ነጠላ የለበሱት እናት፣ እርስዎ ይጀምሩልን።